ቤት ውስጥ ሞተር ማውረድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና የመካኒኩ መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። መኪናዬ በፊት ጎማ የምትነዳ፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ማኑዋል ነች። ዘይት ትበላለች። ጠዋት ሳስነሳት ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች፣ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ሞተሩን እቤት አውርጄ ላሳድሰው አስቤያለሁ። ፍሬን፣ ራዲያተርና ሞተሪኖ ራሴ ፈትቼ ቀይሬ አውቃለሁ። ሞተር ግን አውርጄ አላውቅም። ታላቅ ወንድሜ ከጣራው ብረት ላይ ሰንሰለት አንጠልጥለን እናንሳው ይላል። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር ላውጣው ወይስ ለብቻው? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መፍቻ ከማንሳትህ በፊት አንድ ነገር አጣራ። ጠዋት ታይቶ ቶሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት በቫልቩ በኩል እንዳያልፍ ከሚይዘው ላስቲክ) ነው። መኪናዋ ቆማ ስታድር ዘይቱ በቫልቩ ዘንግ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፣ ስታስነሳት ይቃጠላል። ይህ ጎሚኒ በብዙ መኪኖች ላይ ሞተሩ ሳይወርድ ይቀየራል። ስለዚህ መጀመሪያ የኮምፕሬሽን (በሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት) መለኪያ ተዋስና አራቱንም ሲሊንደር ለካ። ዝቅ ያለ ካለ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምርና ድገመው። ቁጥሩ በደንብ ከፍ ካለ የፒስተኑ ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። ካልተነቃነቀ ግን ችግሩ ያለው ከላይ ነው፣ ቴስታታውን (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይ ክፍል) ብቻ ማንሳት ሊበቃህ ይችላል። ሰው ያለ ምክንያት ሞተር ሲያወርድ ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ነው ከዚህ የጀመርኩት።

መውረድ አለበት ከተባለ፣ የጣራውን ብረት እርሱት። የአንተ ዓይነቱ ሞተር ከነካምቢዮው ከ150 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። የቤት ጣራ ብረት የተሠራው ቆርቆሮና ነፋስ እንዲችል እንጂ አንድ ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት እንዲሸከም አይደለም። ባለ ሃይድሮሊክ የሞተር ማንሻ ክሬን ተከራይ። ክንዱ ላይ የተጻፈውን አንብብ፤ ክንዱ በረዘመ ቁጥር የሚችለው ክብደት ይቀንሳል። 2 ቶን የተባለ ክሬን ክንዱ እስከ መጨረሻው ሲወጣ ግማሽ ቶን ብቻ የሚፈቀድለት ብዙ ነው። ጎማዎቹም ትናንሽ ናቸው። አፈር ላይ ይሰምጣሉ፣ ተዳፋት ላይ ይሄዳሉ። ደረቅና የተስተካከለ ሲሚንቶ ከሌለህ ሥራውን ሌላ ቦታ ሥራው።

ካምቢዮውን በተመለከተ፣ ሞተራቸው ወደ ጎን በተቀመጠ በፊት ጎማ በሚነዱ መኪኖች ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ማውጣት ይሻላል እላለሁ። ለብቻው ለማውጣት ሞተሩ ከካምቢዮው ዘንግ ላይ እስኪላቀቅ ወደ ጎን መንሸራተት አለበት፣ ያን ያህል ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የለም። አንዳንድ ሞዴሎች ግን በላይ አይወጡም። ከተቀመጡበት ብረት ጋር ወደ ታች ይወርዳሉ፣ መኪናው ራሱ ከፍ ብሎ መነሳት ይኖርበታል። የአንተ የቱ እንደሆነ የመኪናህ የጥገና መጽሐፍ ይነግርሃል። በታች የሚወጣ ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ እቤት እንድትሞክረው አልመክርህም።

አሁን ወደ ሥራው። መኪናዋ ገና በጎማዋ ቆማ ሳለ በፊት ጎማዎቹ መሐል ያለውን ትልቁን ዳዶ አላላ፣ ሰው ፍሬን ይያዝልህ። በጣም ጠንክሮ የታሰረ ነው፣ መኪናዋ ከተነሳች በኋላ መታገል አደጋ አለው። ከዚያ በክሪክ አንሳትና በብረት መቆሚያ ላይ አሳርፋት። ክሪክ ለማንሻ ብቻ ነው፣ በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ሥር አትግባ። ባትሪውን ከኔጌቲቩ ጀምረህ ፍታና አውጣው። ኮፈኑን ከመፍታትህ በፊት የማጠፊያውን ዙሪያ በማርከር አስምር፣ ስትመልሰው ቦታውን ትፈልጋለህ።

የራዲያተሩን ውሃ ሞተሩ ፍጹም ሲበርድ አፍስስ። አንቲፍሪዝ ያለበት ከሆነ ባልዲውን ክደን። ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፣ መርዝ ነው፣ ልጅም ውሻም ሊቀምሰው ይችላል። ነዳጁ መስመር ውስጥ ግፊት አለ። የፓምፑን ፊውዝ ነቅለህ ሞተሩን አስነሳና እስኪጠፋ ጠብቅ (ይህንን ባትሪውን ከመፍታትህ በፊት አድርገው)፣ ቱቦውንም በጨርቅ ጠቅልለህ ፍታ። ኤሲ ካላት ኮምፕረሰሩን ከነቱቦዎቹ ከሞተሩ ላይ ፈትተህ ወደ ጎን እሰረው እንጂ ቱቦዎቹን አትክፈት። ውስጡ ያለው ጋዝ ቆዳንና ዓይንን በቅዝቃዜ ያቃጥላል፣ መልቀቅም አይገባም። መከፈቱ ግድ ከሆነ ጋዙን የሚቀበል መሣሪያ ያለው ባለሙያ ያውጣልህ።

ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ቦታ ሽቦውና ቡሎኑ ነው፣ እኔ ደግሞ እዚህ ላይ ነው ቀስ በል የምለው። ሞተሩን የሚመልሰው የዛሬው አንተ አይደለህም፤ ቡሎኖቹን ከየት እንደፈታ የረሳ ሰው ነው። እያንዳንዱን መሰኪያ ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሳ። ከዚያ ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ለጥፍ። ፎቶ ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም አንድ ዓይነት መሰኪያዎች አጠገብ ለአጠገብ ይኖራሉ። ዘይት የነካው ጽሑፍ ይጠፋልና ከላዩ ላይ በጠራ ፕላስተር ሸፍነው። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያያይዙት ቡሎኖች ቁመታቸው የተለያየ ነው። ካርቶን ላይ የካምቢዮውን ክብ ሣልና እያንዳንዱን ቡሎን በየቦታው ውጋው። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካስገባህ አሉሚኒየሙን ትሰነጥቀዋለህ። የማርሚታው ቡሎኖች ዝገው ካገኘሃቸው ዋዜማውን ዝገት የሚያላላ ዘይት ርጭባቸው። ሰሚያሶቹን (ከካምቢዮው ወደ ፊት ጎማዎቹ የሚሄዱትን ዘንጎች) ከማውጣትህ በፊት ደግሞ የካምቢዮውን ዘይት አፍስስ፣ አለዚያ መሬቱ ላይ ይፈሳል።

ሰንሰለቱን ሞተሩ ላይ ባሉት የማንሻ ጆሮዎች እሰር። የፕላስቲክ ክፍሎች ላይ አትሰር፣ ገመድም አትጠቀም። ክሬኑ ክብደቱን ትንሽ ከተቀበለ በኋላ ብቻ የሞተር ሱፖርቶቹን ፍታ። ከዚያ አንድ መዳፍ ያህል አንሳና ቁም። በመብራት ዙሪያውን እይ። አብዛኛውን ጊዜ ተረስተው የሚቀሩት የኧርዝ ሽቦው፣ የኋላ ማርሽ መብራት ሽቦ፣ ከጋቢናው ግድግዳ ጋር ያሉት የማሞቂያ ቱቦዎችና የፍሪሲዮን ገመድ ናቸው። ሞተሩ ሲነሳ የመኪናዋ አካል አብሮ ከተነሳ፣ አልተላቀቀም ማለት ነው። ክሬኑን አትጨምርበት። አውርደው፣ ፈልገው።

በሞተሩና በብረቱ መካከል እጅህን አታስገባ፣ ማዘንበልም ካስፈለገ በእንጨት ግፋው። ከወጣ በኋላ ክሬኑን ወዲያው ዝቅ አድርግና በዝቅታ አንቀሳቅስ፣ ከፍ ብሎ ሲሄድ ይገለበጣል። መሬት ላይ ስታሳርፈው ክብደቱ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ላይ እንዳያርፍ በእንጨት ደግፈው። ሰሚያሱ ወጥቶ ሳለ ደግሞ መኪናዋን በጎማዋ አትግፋት፣ በብዙ መኪኖች ላይ የጎማው ኩሽኔታ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእኔ አውቶማቲክ ነው። ሞተሩን ለብቻው ለማውጣት ቡሎኖቹን ሁሉ ፈታሁ። ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ጣት ያህል ተላቀው ቆሙ። በብረት ልፈልቅቀው?

መልስ፦ አትፈልቅቀው፣ የኔ ልጅ። ኮንቨርተሩን (በሞተሩና በአውቶማቲክ ካምቢዮው መካከል ኃይሉን በዘይት የሚያስተላልፈውን ክፍል) ከሞተሩ ጋር የሚያይዙትን ቡሎኖች ያልፈታህ ይመስለኛል። ከውጭ አይታዩም። ከታች በኩል ወይም በሞተሪኖው ቀዳዳ ትንሽ ክፍት ቦታ አለ። እዚያ በኩል አንዱን ፍታ፣ ክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ከፊት ባለው ቡሎን አዙር፣ ቀጣዩ ሲመጣ ፍታ፣ እንዲህ እያልክ ጨርሳቸው። ከዚያ ኮንቨርተሩን ወደ ካምቢዮው ግፋው፣ እዚያው ይቅር። ከሞተሩ ጋር ተስቦ ከወጣ ዘይቱ ይፈሳል፣ የካምቢዮው ፓምፕም ሊጎዳ ይችላል። ካምቢዮውን ከሥሩ በክሪክና በእንጨት መደገፍ እንዳትረሳ።

ስትመልሰው ኮንቨርተሩን እያዞርክ ወደ ውስጥ ግፋው፣ እየገባ ደረጃ በደረጃ ቋ ሲል ይሰማሃል። ሞተሩና ካምቢዮው በእጅ ግፊት ብቻ ካልገጠሙ በቡሎን ስበህ አታጋጥማቸው። መልሰህ አውጣና ኮንቨርተሩ እስከ መጨረሻው መግባቱን እይ።