የአሳዬ ሆድ ሞራ ሞላው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ግቢዬ ውስጥ በሲሚንቶ ገንዳ መቶ ያህል ቆሮሶ የሚባለውን አሳ አረባለሁ። አምስት ወር ሙሉ ከሆቴል የማመጣውን ዳቦና ፓስታ ከፉርሽካ ጋር ቀላቅዬ አበላኋቸው። እሁድ ዕለት ሁለት አወጣሁ። ከውጭ ሲታዩ ወፍራም ናቸው። ሆዳቸውን ስከፍት ግን ሞራ ብቻ! ሥጋው ስስ ነው፣ ጉበቱም ገርጥቷል። በሽታ ይሆን? ጎረቤቴ ደግሞ የጫት ገራባ፣ ተቅሞ የተረፈውን ቅጠል ማለት ነው፣ ስጣቸው ይለኛል።

መልስ፦ አቦ፣ አትደንግጥ። እኔ የምጠረጥረው መኖህን ነው። ድሮ እኔም በእንጀራ ድርቆሽ አሳ አደልባለሁ ብዬ ጉድ ሆኛለሁ። አንዲት የከዚራ ደንበኛዬ የሸጥኩላትን ይዛ ተመለሰችና ሆዱን ፊቴ ከፍታ፣ «ይሄ አሳ ነው የአረፋ በግ?» አለችኝ። ገንዘቧን መለስኩላት፤ ምን ላድርግ።

አሳ ሥጋ የሚያበጀው ከፕሮቲን ነው። ዳቦና ፓስታ በብዛት ጉልበት ሰጪ ናቸው። ጉልበቱ በዝቶ ፕሮቲኑ ሲያንስ ትርፉ ስብ ይሆንና አንጀቱ ዙሪያና ጉበቱ ውስጥ ይቀመጣል። የገረጣው ጉበትም ስብ ይዞ ይሆናል። ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ሳህን ላይ ግን ምንም የለም።

ቆሮሶ ጫጩት ሳለ ከ35 እስከ 40 በመቶ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ከፍ ሲል ከ25 እስከ 30 ይበቃዋል። ፉርሽካህ 15 ገደማ ነው። ዳቦው ከዚያም ያንሳል። የኑግ ፋጉሎ፣ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን፣ ፈልግ፤ እሱ 30 አካባቢ አለው። እኔ 4 ኪሎ ፋጉሎ፣ 3 ኪሎ ፉርሽካ፣ 3 ኪሎ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር እቀላቅላለሁ። ወደ 27 በመቶ ይጠጋል። አኩሪ አተሩን ሳትቆላ እንዳትሰጥ! ጥሬው፣ ፕሮቲን አሳው ሆድ ውስጥ በደንብ እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት። ዱቄቱን እንዲሁ ከበተንከው ደግሞ ግማሹ ውሃህን ያበላሻል። ለውሰህ በሥጋ መፍጫ አሳልፈውና ፀሐይ ላይ አስጣው። ፀሐይ እንኳ ድሬ አታሳጣህም።

መጠኑስ? አንዱ በአማካይ 200 ግራም ከሆነ መቶው 20 ኪሎ ነው። በቀን ከክብደታቸው ከ2 እስከ 3 በመቶ ስጥ፤ ከ400 እስከ 600 ግራም መሆኑ ነው። ጠዋት ረፈድ ሲልና ከሰዓት ከፍለህ ስጥ። ጎህ ሲቀድ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን ያንሳል፣ ያኔ አትስጥ። ይሄን ልክ ሐረር ላለ ሰው አልመክርም። ቆሮሶ ደህና የሚያድገው ውሃው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ሐረር ሲበርድ መኖው ሳይበላ ይበሰብሳል።

ገራባውን ለፍየል ተውላት። ጫት ላይ ፀረ ተባይ ይረጫል፣ አሳ ያንን አይችልም።

ሞራውን አጠፋለሁ ብለህም አታስርባቸው፤ ረሃቡ ሲረዝም ሥጋቸውም ያልቃል። መኖውን ቀይርና ከሁለት ወር በኋላ አንድ አውጥተህ ክፈት። ያየኸውን ጻፍልኝ።