የተማሪን አስተያየት ኮርሱ ሳይገባደድ መጠየቅ፦ ጥያቄና መልስ

ደሴ ውስጥ በኮሌጅ መምህርነት ረዘም ላለ ጊዜ ሠርቻለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከደሴና ከኮምቦልቻ መምህራን የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ በሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪዎች እኛን የሚገመግሙበት ቅጽ እያለ ሌላ መጠይቅ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ በመጨረሻው ቅጽ ላይ ቅሬታውን የጻፈ ተማሪ ኮርሱን ጨርሷልና መምህሩ ቢታረም እንኳ የሚጠቀመው ተከታዩ ባች ነው። በ16 ሳምንት ሴሚስተር ውስጥ በ4ኛው ወይም በ5ኛው ሳምንት፣ ከአጋማሽ ፈተና በፊት ከተጠየቀ ግን ማስተካከያው ለራሱ ለጠቋሚው ይደርሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መጠየቅን አልመክርም፤ ተማሪው አስተማመርዎን ገና በቅጡ አላየውም።

ጥያቄ፦ ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ ትምህርቱን ለመረዳት ምን እንደረዳቸው፣ ምን እንዳስቸገራቸውና ምን ቢሻሻል እንደሚሹ መጠየቅ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የማስተምር ጀማሪ መምህርት ነኝ። መጠይቁን ባድል ሁሉም «ጥሩ ነው» ብለው ብቻ መለሱልኝ። የእጅ ጽሑፋችን ይታወቃል ብለው ሳይፈሩ አልቀሩም።

መልስ፦ ውጤታቸው በእርስዎ እጅ ነውና ፍርሃታቸው ተገቢ ነው፤ ሊነቅፏቸውም አይገባም። ከክፍል ይውጡ፤ ወረቀቱን የክፍል ተወካዩ ሰብስቦ ለሚያምኑት የሥራ ባልደረባ ይስጥ፤ ባልደረባዎም ፍሬ ሐሳቡን በኮምፒውተር ጽፎ ያቀብልዎት፤ እርስዎም ለእርሱ እንዲሁ ያድርጉለት። ሌላው መንገድ ባልደረባዎ እርስዎ በሌሉበት ተማሪዎቹን በትንንሽ ቡድን ከፍሎ እንዲያወያያቸውና የተስማሙበትን ብቻ ይዞልዎ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ተማሪዎቻችን ከየክልሉ የመጡ ናቸውና በእንግሊዝኛ ብቻ ጻፉ አይበሏቸው፤ ሐሳቡን አሳጥሮ «ጥሩ ነው» የሚያሰኘው አንዳንዴ ፍርሃት ሳይሆን ቋንቋ ነው።

ጥያቄ፦ ከሰበሰብኩ በኋላስ?

መልስ፦ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አሥር ደቂቃ ወስደው ምን እንዳሉ፣ ምን እንደሚለውጡ፣ የማይለውጡትንም ከነምክንያቱ ይንገሯቸው። እኔ በአንድ ወቅት ወረቀቱን ሰብስቤ በመሳቢያ ውስጥ ተውኩት፤ ዳግመኛ ስጠይቅ ከግማሽ በላይ የሆነው ወረቀት ባዶውን ተመለሰልኝ፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። በሌላ ዓመት ግን «ጽፈን ሳንጨርስ ሰሌዳውን ያጠፋሉ» የሚል አስተያየት ተደጋግሞ መጣ። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ ቀድሞ የተጻፈውን ግማሽ ብቻ ማጥፋት ጀመርኩ፤ ይህንንም ያደረግሁት እነርሱ ስለጠየቁኝ መሆኑን ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲያ እጅ እያወጡ መጠየቅ ጀመሩ። ፈተናው ይቅለል የሚለውን ጥያቄ ግን አልተቀበልኩም፤ ምክንያቱን አስረድቼ በምትኩ የመለማመጃ ጥያቄዎችን ጨመርኩ።

ጥያቄ፦ ግማሹ ተማሪ ትምህርቱ ፈጠነ፣ ግማሹ ዘገየ ቢልስ?

መልስ፦ ሁለቱንም ወገን ለክፍሉ ያንብቡ። ፈጠነ ያሉት የትኛው ርዕስ ላይ እንደተቸገሩ ጠይቀው ለዚያ ብቻ ማጠናከሪያ ይስጡ።

ጥያቄ፦ ለትምህርት ክፍል ኃላፊ ላሳይ?

መልስ፦ አያስፈልግም። ለመማሪያ እንጂ ለምዘና እንዳልሆነ ለተማሪዎቹ ከነገሩ በኋላ ወረቀቱ ከእርስዎና ከባልደረባዎ እጅ ሊወጣ አይገባም።