የጣራ ውኃ ለጓሮ አትክልት

ጥያቄ፦ የምኖረው በድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ነው። በጓሮዬ ሁለት የሎሚ ዛፎች፣ አንድ ፓፓያና ትንሽ የጎመን መደብ አሉኝ። የቧንቧ ውኃ ሳጠጣቸው አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይቀራል፤ የሎሚው ቅጠልም ይገረጣል። ጣራዬ 60 ካሬ ሜትር ያህል ቆርቆሮ ስለሆነ የክረምቱን ዝናብ ለበጋ ላጠራቅም አስቤ ነበር። ባለቤቴ ግን «ድሬ ምን ዝናብ አላት? ለቢንቢ ማራቢያ ገንዘብ አታውጪ» ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ባለቤትዎ ስለ ዝናቡ ተሳስተዋል፤ ስለ ቢንቢው ግን ልክ ናቸው።

በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። በፍንጣሪና በትነት አንድ አምስተኛው ይባክናል ብንል እንኳ፣ 20 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ አንድ የነሐሴ ዶፍ ከእርስዎ ጣራ 960 ሊትር ገደማ ይሰጣል፤ ይኸውም ባለ 200 ሊትር አምስት በርሜሎችን ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው። ድሬዳዋ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለችና ችግሩ ማነሱ ሳይሆን በጥቂት ቀናት ተንደርድሮ መውረዱ ነው። ጓሮዎ በቀን 40 ሊትር ቢጠጣ ከጥቅምት እስከ ጥር መጨረሻ 4,800 ሊትር ይበቃዋል፤ ስለዚህ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ይመጥንዎታል፣ የበልጉ ዝናብም መልሶ ይሞላዋል። ሲሞላ ግን አምስት ቶን ስለሚመዝን በደንብ በተጠቀጠቀና በተስተካከለ መሠረት ላይ ይቀመጥ። ብርሃን አልጌ ስለሚያበቅል ጥቁሩን ሮቶ ይምረጡ።

ከደረቅ ሰሞን በኋላ የመጀመሪያው ውኃ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ሻይ መስሎ ይወርዳል። ከአሸንዳው የሚወርደውን ቧንቧ ወደ ጎን አዙረው ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚሞላ ያህል ካፈሰሱ በኋላ ወደ ሮቶው ይመልሱት።

አሁን ወደ ቢንቢው እንምጣ። በከተማዋ በ2006 ዓ.ም. የታየውን የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በረግረግ ሳይሆን በቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝም እንዲሁ የውኃ ማጠራቀሚያ ትወዳለች። በድሬ ሙቀት የትንኝ እጭ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ብዙ ሰው ክዳኑን ግጥም አድርጎ ዘግቶ የትርፍ ውኃ መውጫውን ይረሳዋል፤ ትንኟም የምትገባው በዚያች ቀዳዳ ነው። መግቢያውንም መውጫውንም በደቃቅ የመስኮት ወንፊት ሸፍነው ከአሮጌ ካላማዳሪያ በተቆረጠ ላስቲክ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት (አጎበሩን ግን ከአልጋ ላይ አይውሰዱ)። የደንጊ ትንኝ ከውኃው ጠርዝ በላይ የምትጥለው እንቁላል ለወራት ደርቆ ስለሚቆይ፣ ሮቶው ወይም በርሜሉ ሲጎድል ግድግዳውን በብሩሽ መፈግፈግ ያስፈልጋል። ሁለቱን ነገሮች ለማድረግ ካልቆረጡ የባለቤትዎን ምክር መስማቱ ይሻላል።

ነጩ ቅርፊት ውኃው ከአካባቢው የኖራ ድንጋይ ይዞት የሚመጣው ነው፤ የዝናብ ውኃ ይህ የለበትም። የሎሚው ቅጠል የሚገረጠው ጅማቱ አረንጓዴ እንደሆነ ከሆነ፣ ኖራው ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ከሥሩ ስለከለከለው ሊሆን ይችላል። አፈሩ ራሱ ኖራማ ከሆነ ግን የዝናብ ውኃ ብቻውን አይፈውሰውምና ብስባሽ ይጨምሩበት፤ ለውጡንም በአዲስ ቅጠል ላይ እንጂ በአሮጌው ላይ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነኝ። ከገበያ የገዛሁት ያገለገለ የፕላስቲክ በርሜል ለዚሁ ሥራ ይሆነኛል?

መልስ፦ ቀድሞ የያዘውን ነገር ሳያውቁ አይጠቀሙበት። የምግብ ዘይት ከነበረ በሙቅ ውኃና በሳሙና ደጋግመው ቢያጥቡት ይሆናል፤ የፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም ሌላ ኬሚካል ከነበረበት ግን ፕላስቲኩ መርዙን ስለሚመጥ በማጠብ አይጠራም። ሻጩ መልስ ከሌለው ገንዘብዎን ያስመልሱ።