ታርዴቢግ ላይ የተንጠለጠለችው ጀልባ

ጥያቄ፦ ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ በርሚንግሃም መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው መስከረም ከባለቤቴ፣ ከታላቅ ወንድሟ፣ ከ13 ዓመት ልጃችንና ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ከመጡት እናቴ ጋር ሆነን፣ እዚህ አገር ናሮውቦት የሚሏትን ጠባብና ረጅም ጀልባ ለአራት ቀን ተከራየን። አከራዩ ግማሽ ሰዓት ያህል ካስረዳን በኋላ ከታርዴቢግ ተነስተን ቦዩን ተከትለን ወደ ዉስተር ወረድን። በመኪና ቅርብ መንገድ ስለሆነ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብንነሳ ለእራት እንደርሳለን ብለን ነበር።

ስምንተኛው ሎክ (ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚልበት በር ያለው የውሃ ክፍል) ውስጥ ውሃው ሲጎድል የጀልባዋ ኋላ አንድ ነገር ላይ ተሰቀለና አፍንጫዋ ወደ ታች ተደፋ። እናቴ ከሰል አያይዘው ቡና ያፈሉ ስለነበር ጀበናውም ረከቦቱም ተንሸራተው ወደቁ፤ ፍሙ ወለሉ ላይ ሲበተን የስኒ ማጠቢያውን ውሃ ደፍተውበት አጠፉት። ከጠዋት ጀምሮ ራሳቸውን ሲያማቸው ስለዋለ እንኳንም ደርሰው አጠፉት እላለሁ። ውሻ ይዘው በዳር ያልፉ የነበሩ አንዲት ሴት የሎኩን ማፍሰሻ መክፈቻና መዝጊያ ማኖቤላ ከባለቤቴ ወንድም እጅ ነጥቀው ባይደርሱልን ኖሮ ምን እንደምንሆን አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰፋ ያለው ቦታ ላይ ነፋሱ ገፍቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ከተተን፤ ፕሮፔለሩ ላይ ላስቲክ ተጠምጥሞም ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። ሲመሽ ከታርዴቢግ 30 ሎኮች የጨረስነው 22ቱን ብቻ ነበር።

የባለቤቴ ወንድም ጀልባዋ ያረጀች ነበረች ይላል፤ እኔ ጥፋቱ የኛ ይመስለኛል። በሚመጣው ጸደይ ደግሞ እስከ ሰቨርን ወንዝ እንዝለቅ እያለ ነው። ምን ይሉናል?
ስሜ ይቆየኝ፣ ከበርሚንግሃም

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከጀልባዋ በፊት ስለ ከሰሉ እንነጋገር፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ያስደነገጠን የሎኩ ነገር ሳይሆን በመሀል አለፍ ብለው የጠቀሱት የእናትዎ ራስ ምታት ነው። የናሮውቦት ክፍል ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወርዱ ከሁለት ሜትር ብዙም የማያልፍ፣ አየር በጥቂት ቀዳዳዎች ብቻ የሚዘዋወርበት የብረት ሳጥን ነው። ከሰል ሲፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ አመድ ከለበሰ በኋላም መውጣቱን አያቆምም፣ የመጀመሪያ ምልክቶቹም ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም በመሆናቸው ሰው የጉዞ ድካም ነው ብሎ ጋደም ይላል። አዲስ አበባ በረንዳ ላይ ወይም በሩ በተከፈተ ሳሎን ለዓመታት ምንም ያላደረገ ከሰል ጀልባ ውስጥ ይገድላል። ጀበናው በጋዝ ምድጃው ላይ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ይፈላ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው መሥራቱም ቁልፉ ተጭኖ ይሞከር። እናትዎ ቡናው እንደ ከሰሉ አይጥምም ቢሉ ልክ ናቸው፤ በዚህ ግን አይሸነፉላቸው።

ወደ ሎኩ እንመለስ። ሎክ በሁለት ጫፉ በር ያለው የውሃ ክፍል ሲሆን የታችኛው በር ማፍሰሻ በማኖቤላ ሲከፈት ወደ 100 ሺህ ሊትር የሚገመት ውሃ ይወጣና ጀልባዋን ይዞ ይወርዳል። ከላይኛው በር ሥር ግን በሩ የሚያርፍበት የድንጋይ ደፍ አለ። ሎኩ ሲሞላ ደፉ በውሃ ተሸፍኖ አይታይም፤ ውሃው ሲጎድል ልክ እንደ ቤት ደፍ ከበሩ ወደ ውስጥ ወጣ ብሎ ብቅ ይላል። የጀልባዋ ኋላ በዚያች ሰዓት ከደፉ በላይ ከሆነ እዚያው ይቀርና ፊቷ ብቻ ከውሃው ጋር ይወርዳል። ከ15 ቶን በላይ የሚመዝን ብረት እንዲህ ከተንጠለጠለ በደቂቃዎች ውስጥ ውሃ ገብቶበት ሊሰጥም ይችላል። በሎኩ ዳር ድንጋይ ላይ የተቀባው ነጭ መስመር የደፉ ምልክት ነው፤ የጀልባዋ ኋላ ሁልጊዜ ከዚያ መስመር ወደ ፊት መሆን አለበት።

ጀልባዋ ወደ ኋላ እንዴት እንደሄደች ደብዳቤዎ አይናገርም። የብዙ አዲስ ነጂዎች ስሕተት ግን አንድ ነው፤ የፊቱን በር እንዳይገጩ ፈርተው የኋላ ማርሽ ያስገቡና እዚያው ይረሱታል። የጀልባ አፍንጫ በሩን ቀስ ብሎ ተደግፎ ቢወርድ፣ በበሩ ሳንቃ አለመያዙን እስካዩ ድረስ፣ ከደፉ ጋር ሲነጻጸር ጉዳቱ ኢምንት ነው። ሴትየዋ ያደረጉትም ትክክለኛው ነገር ነው ብለን እናስባለን፤ መጀመሪያ የታችኛውን ማፍሰሻ መዝጋት፣ ቀጥሎ የላይኛውን በዝግታ ከፍቶ ሎኩን እንደገና መሙላት። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም። ማኖቤላ የያዘ ሰው ዓይኑ ከጀልባዋ ላይ መነቀል የለበትም፤ ስልክም ይሁን ፎቶ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የነፋሱ ጉዳይ ከመኪና ልማድ የመጣ ነው። መኪና የሚነዳ ሰው ሲደነግጥ ነዳጁን ይለቃል፤ ጀልባ ግን መሪዋ የሚታዘዘው ፕሮፔለሩ የሚገፋው ውሃ ሲመታው ነው፤ ማርሹን ዜሮ ላይ ባደረጉ ቅጽበት መሪው በእጅዎ ያለ ዱላ ብቻ ይሆናል። በኋላ ማርሽም ቢሆን እምብዛም አይታዘዝም። ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ጎኗ እንደ ግድግዳ የቆመ ስለሆነ ነፋስ በቀላሉ ይገፋታል፤ በዚያን ጊዜ የሚረዳው ለአፍታ ነዳጅ ጨምሮ መሪውን መስጠት ነው። የቦዩ የፍጥነት ወሰን በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። ላስቲኩን በተመለከተ፣ ሞተር አጥፍቶ ቁልፉን ነቅሎ ከፕሮፔለሩ በላይ ባለው ክዳን ገብቶ መፍታት የተለመደ ሥራ ነው፤ ክዳኑ በደንብ ሳይጠብቅ ሞተር ከተነሳ ግን ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ ውስጥ ይረጨዋል።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? የጀልባዋ አይደለም፤ የጉዞ ዕቅዱ ነው ብንል እንመርጣለን፤ እሱም የተሠራው ቤት ውስጥ ካርታ ላይ ነው። የዉስተርና በርሚንግሃም ቦይ 48 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ 58ቱም ሎኮቹ ያሉት ከታርዴቢግ እስከ ዉስተር ባለው 16 ማይል (26 ኪሎ ሜትር ገደማ) ውስጥ ነው። የታርዴቢግ 30 ሎኮች ብቻቸውን በብሪታንያ ረጅሙ የሎክ ሰንሰለት ናቸው። ጀልበኞች ጉዞ ሲያሰሉ ማይሉንና ሎኩን ደምረው ለሦስት ያካፍላሉ፤ 16 እና 58 ሲደመር 74፣ ለሦስት ሲካፈል 25 ሰዓት ገደማ ይመጣል። እርስዎ ይህን ለእራት ሊደርሱበት አሰቡ! ቦዩ እ.ኤ.አ. በ1815 ሲጠናቀቅ የተሠራው ለጭነት እንጂ ለሽርሽር አልነበረም። እዚያው ታርዴቢግ ላይ እ.ኤ.አ. በ1945 ጸሐፊዎቹ ቶም ሮልትና ሮበርት ኤክማን ተገናኝተው ነው ቦዮችን ከመዘጋት ለማዳን በማግስቱ ዓመት ማኅበር የመሠረቱት፤ መታሰቢያው ከላይኛው ሎክ አጠገብ ቆሟልና እግረ መንገድዎን ይዩት።

ሰቨርንን በሚመለከት መልሳችን «አዎ፣ ግን እንደ ውሃው ሁኔታ» ነው። ቦይ የቆመ ውሃ ነው፤ ወንዝ ይሄዳል። በባሮ ላይ የክረምቱ ሙላት ነበር መርከቦችን ከካርቱም እስከ ጋምቤላ የሚያደርሳቸው፤ ለናሮውቦት ግን ሙላት መንገድ የሚያቋርጥ ነገር ነው። በወንዙ መግቢያ ያለው የውሃ ልክ ሰሌዳ አረንጓዴ ከሆነ ይግቡ፤ ቢጫ ከሆነ ለእንደርስዎ ያለ አዲስ ነጂ ቀኑ ዉስተርን በእግር የሚያዩበት ነው፤ ቀይ ከሆነ ማንም አይገባም። ቦዩ ሰቨርንን ከሚገናኝበት ከዲግሊስ ጥቂት ወረድ ብሎ ውሃ አሳልፎ የሚጥል ግድብ ስላለ፣ ሞተር ቢጠፋ ጀልባዋ ወዴት እንደምትነዳ ግልጽ ነው። ስለዚህ መልሕቁ ከነሰንሰለቱ ከጀልባዋ ጋር ታስሮ ለመጣል ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅ፤ ሁላችሁም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ልበሱ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ደፍ ላይ የተሰቀለች ጀልባ መሪዋ ከታች ከሚያርፍበት ቦታ ሊወጣ ይችላል። ለአከራዩ ያልነገሩት ከሆነ ዛሬውኑ ደውለው ይንገሩት፤ ከእናንተ በኋላ ጀልባዋን የተረከበው ቤተሰብ ይህን አያውቅም።