«ለጉበቴ ምን ልጠጣለት?» የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ እንጉዳይ ጣል ያደረግኳት አንዲት መስመር የጥያቄ ናዳ አመጣችብኝ። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ጉበት፣ ስለ ስኳርና ስለ ኮሌስትሮል ነው። የተወሰኑትን መርጬ እነሆ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው።

«አልትራሳውንድ ተነስቼ ጉበትህ ላይ ስብ አለ ተባልኩ። ጓደኛዬ ሪሺ የሚባል የእንጉዳይ ካፕሱል ውሰድ፣ በሦስት ወር ያጠራልሃል ይለኛል። ልመነው?»

መጀመሪያ አትደንግጥ። በዓለም ላይ ከ10 አዋቂዎች 3ቱ ገደማ የሰባ ጉበት አለባቸው። ብዙዎቹ አያውቁትም።

በሪሺ ላይ በጭፍን አልፈርድበትም። ቻይናዎች ሊንግዢ ይሉታል። እንደ እንጨት የጠነከረ፣ መራራ እንጉዳይ ነው። ተቀቅሎ ውሃው ይጠጣል እንጂ አይታኘክም። ውስጡ ትራይተርፒንና ቤታ ግሉካን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። በአይጥ ላይ ሲሞከሩ ደስ የሚል ውጤት ያሳያሉ። ሰው ላይ ሲመጣ ግን ነገሩ ይቀዘቅዛል። በ2016 በታተመ ጥናት፣ ዓይነት 2 ስኳርና ሜታቦሊክ ሲንድረም (የቦርጭ፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የደም ስብ ችግሮች በአንድ ላይ ሲገኙ) ያለባቸው 84 ሰዎች ለ16 ሳምንት ክትትል ተደረገባቸው። ከፊሎቹ ሪሺ፣ ከፊሎቹ ምንም መድኃኒት የሌለበት ካፕሱል ወሰዱ። የደም ስኳራቸው ላይ ልዩነት አልታየም። ከዚህ ሁሉ የሚገርመው ደግሞ የሪሺ ዱቄት ወስደው ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትንካው።

ጉበት ላይ ያለ ስብ እንዲቀንስ የሚያደርገው ነገር አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል። የሰውነት ክብደትህን 5 በመቶ ብትቀንስ ስቡ ይቀንሳል። ከ7 እስከ 10 በመቶ ከቀነስክ ደግሞ ስቡ ያስከተለው የጉበት መቆጣትም ይሻሻላል፤ በአንዳንዱ ሰው የጉበት ጠባሳ ሳይቀር ይቀንሳል። 90 ኪሎ ብትሆን ከ6 እስከ 9 ኪሎ ማለት ነው። ለስላሳ መጠጥ ማቆም ጥሩ መነሻ ይሆንሃል።

«እንጉዳይ ኮሌስትሮል ያወርዳል የሚባለው እውነት ነው ወይስ የሻጭ ወሬ?»

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። መልሱ ሁለቱም ነው።

ኮሌስትሮላችንን በአብዛኛው የምንበላው አይደለም፤ ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። ዋናው ፋብሪካ ጉበት ነው። አኪራ ኤንዶ የሚባል ጃፓናዊ ሳይንቲስት ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ እንጉዳይና ስለ ሻጋታ ሲያስብ ያደገ ሰው ነበር። ሻጋታ ጠላቶቹን የሚከላከልበት ኬሚካል ያመርታል፤ ታዲያ ከእነዚህ አንዱ ኮሌስትሮል እንዳይሠራ የሚያግድ ቢሆንስ ብሎ ተነሳ። 6,000 ገደማ የፈንገስ ዓይነቶችን አንድ በአንድ ፈተሸ። በ1973 ፔኒሲሊየም ሲትሪነም ከሚባል ሻጋታ ይህን የሚያደርግ ኮምፓክቲን የሚባል ንጥረ ነገር አገኘ። ኮምፓክቲን ራሱ ለገበያ አልበቃም፤ መንገዱን ግን ከፈተ። ከሌላ ሻጋታ የተገኘው ሎቫስታቲን የሚባል ተመሳሳይ መድኃኒት በ1987 በአሜሪካ ጸደቀ። ዛሬ በመቶ ሚሊዮኖች የሚወስዱት ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ዘር ማንዘሩ እንግዲህ ፈንገስ ነው።

አሠራሩም ቀላል ነው። ጉበት ኮሌስትሮል መሥራት ሲከለከል የጎደለውን ከደም ይስባል። ደም ውስጥ ያለው ይወርዳል።

አሁን ወደ ሻጩ ልምጣ። ኦይስተር የሚባለው እንጉዳይ ውስጥ ሎቫስታቲን ይገኛል፤ ውሸት አይደለም። መጠኑ ግን ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው በጣም ይለያያል። እንጉዳዩን ጥሩ ምግብ ስለሆነ ብሉት። 100 ግራሙ 30 ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው፣ ከ10 እጅ 9ኙ ውሃ ነው። መድኃኒት ነው ብላችሁ ግን አትቁጠሩት።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ቀይ እርሾ ሩዝ ነው። በሩዝ ላይ የበቀለ ቀይ ሻጋታ ነው፤ ውስጡ ያለው ሞናኮሊን ኬ ከሎቫስታቲን ጋር አንድና ያው ሞለኪውል ነው። «ስታቲን አልፈልግም፣ ተፈጥሯዊውን ስጡኝ» የሚል ሰው በሌላ በር ስታቲን እየዋጠ ነው፤ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ሳያውቅ። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 በቀን ከ3 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ገደበው። በ2024 ደግሞ ጃፓን ውስጥ አንድ የቀይ እርሾ ሩዝ ምርት የብዙ ሰው ኩላሊት ጎድቶ ከገበያ ተሰበሰበ። የተጠረጠረው ምርቱ ሲዘጋጅ ሌላ ሻጋታ ገብቶበት ነው ተብሎ ነው። ስታቲን እየወሰዳችሁ ይህን ከደረባችሁ ጡንቻችሁ ሊጎዳ ይችላል።

«እርድ ከቁንዶ በርበሬ ጋር በካፕሱል መውሰድ ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው። ሰሞኑን ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቁሯል፣ ምግብ አስጠልቶኛል። መርዙ እየወጣ ነው ይሉኛል።»

እመቤቴ፣ ዛሬውኑ ያቁሙ። ዛሬውኑ የጉበት ምርመራ ያድርጉ፤ ካፕሱሉንም ይዘው ይሂዱ። የጠቆረ ሽንት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ቢጫ የሆነ ዓይን፣ የሚያሳክክ ቆዳ የጉበት ጩኸት ነው እንጂ የመርዝ መውጫ አይደለም።

ምግብ ላይ የሚጨመር እርድ ሌላ ነገር ነው። ሰውነታችን ብዙውን አይቀበለውም፣ ዝም ብሎ ያልፋል። ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፒፐሪን ግን ይህን በር ይከፍታል፤ በ1998 የወጣ ጥናት መመጠጡን 20 እጥፍ እንዳሳደገው አሳይቷል። ሻጮች ይህንኑ እንደ ጀብዱ ያወሩታል። ጉበት ግን ድንገት 20 እጥፍ ሥራ ይመጣበታል። በዚህ ምክንያት የታመሙ ሰዎች በጣሊያንም በአሜሪካም ተመዝግበዋል። ብዙዎቹ ካፕሱሉን ሲያቆሙ ይድናሉ፤ ለዚህ ነው ያቻኮልኩዎት።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ ካፕሱልም እንዲሁ ነው። ሻዩን መጠጣት ችግር የለውም። በሻዩ ውስጥ ያለው ኢጂሲጂ የሚባለው ንጥረ ነገር ግን በካፕሱል መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ደም ውስጥ ያለውን የጉበት ኢንዛይም (ጉበት የመጎዳቱን ምልክት) እንደሚያስጨምር የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 አስታውቋል።

«ቡናስ?»

ጠጡ። ቡና አዘውትረው የሚጠጡ ሰዎች የጉበት ጠባሳና የጉበት ካንሰር ያነሰ እንደሚገኝባቸው ብዙ ጥናቶች ይስማማሉ። እርግጥ ነው፣ ጥናቶቹ ሰዎችን በመከታተል የተሠሩ ናቸው፤ ቡናው ራሱ ነው ያዳናቸው ለማለት አይበቁም። ስኳሩን ብቻ ተዉት።

«ሚልክ ቲስል ከሚባል እሾሃማ ተክል የሚወጣው ሲሊማሪን የእንጉዳይ መርዝ ያከሽፋል አሉ። ካፕሱሉ ቤቴ አለ። ከጫካ የለቀምኩትን ብበላ ምን አለበት?»

ኧረ በሕግ አምላክ! አትሞክረው።

መርዛማው አማኒታ ፋሎይደስ በዓለም ላይ በእንጉዳይ ከሚሞቱት አብዛኞቹን የሚገድለው ነው። ሲቀቀል መርዙ አይጠፋም፣ ጣዕሙም አያስጠነቅቅም። ከ6 ሰዓት በላይ ምንም አይሰማህም። ከዚያ ማስመለስና ተቅማጥ ያጣድፍሃል። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ይሻልሃል፤ ሰውን የሚያታልለው ይሄ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጉበት ይወድቃል።

ከሲሊማሪን የሚወጣው ሲሊቢኒን ለዚህ መርዝ ሕክምና ይሰጣል፤ እውነት ነው። የሚሰጠው ግን ሆስፒታል ውስጥ፣ በደም ሥር፣ ከሌላ ሕክምና ጋር ነው። እንዲያም ሆኖ ጉበት ንቅለ ተከላ የሚያስፈልጋቸው አሉ።

«በርበሪን የሚባለው ከተክል የሚወጣ ንጥረ ነገር 'የተፈጥሮ ኦዜምፒክ' ነው ይላሉ። ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ስኳሬ ትንሽ ከፍ ብሏል።»

«ሲሉ ሰምታ» እንዳይሆንብሽ እህቴ። በርበሪን ስኳርና ኮሌስትሮል በመጠኑ ያወርዳል፤ ክብደት መቀነሱ ግን ከኦዜምፒክ፣ ማለትም ክብደትም ከሚቀንሰው የስኳር መርፌ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አንቺ ግን ጨርሶ አትውሰጂው። አራስ ልጅ ላይ የቢጫ በሽታን ሊያባብስ፣ አንጎሉንም ሊጎዳ ይችላል። የስኳርሽን ነገር ከእርግዝና ክትትል ሐኪምሽ ጋር ጨርሺ።

«የሰባ ጉበት ስላለብኝ የእንቁላል አስኳል እየጣልኩ ነጩን ብቻ እበላለሁ። ደግ አደረግኩ?»

አላደረጉም። ጉበት ስቡን ጠቅልሎ ወደ ደም ለመላክ ኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልገዋል። ኮሊን ሲጎድል ስቡ እዚያው ይከማቻል። ኢንሱሊንን ካገኙት አንዱ የሆነው ቻርልስ ቤስት በ1930ዎቹ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን በእንስሳት ላይ አሳይቷል። አንድ ትልቅ እንቁላል 150 ሚሊግራም ገደማ ኮሊን አለው፤ ያውም አስኳሉ ላይ ነው። ለወንድ በቀን 550፣ ለሴት 425 ሚሊግራም ይመከራል። ስኳር ወይም ከፍ ያለ ኮሌስትሮል ካለብዎ በሳምንት ስንት እንቁላል እንደሚበሉ ሐኪምዎን ይጠይቁ። አስኳሉን ግን አይጣሉት።