ታሪፍ ካልተሻሻለ አውቶቡሶቻችንን ማቆም እንችላለን?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የሚኒባስ ታክሲ ባለንብረቶች ነን። አክሲዮን ማኅበር አቋቁመን ከከተማው ጋር በአጋርነት የከተማ አውቶቡስ ልናሰማራ ነው። አውቶቡሶቹን በባንክ ብድር የምንገዛው እኛ ነን። መስመሩንና ታሪፉን የሚወስነው ከተማው ነው። የቀረበልን ረቂቅ ውል «ታሪፍ እንደአስፈላጊነቱ ይከለሳል» ይላል። ነዳጅ ጨምሮ ታሪፉ ባለበት ቢቆም ስምሪት ማቆም መብታችን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዎቻችን፣ በአብዛኛው መብታችሁ አይደለም። ሳትፈርሙ በመጠየቃችሁ በጣም ደስ ብሎኛል።

በሁለት ነጋዴዎች መካከል በተደረገ ውል አንዱ ግዴታውን ካልፈጸመ ሌላውም የራሱን ሊይዝ ይችላል። ለሕዝብ አገልግሎት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል ግን ሌላ ሥርዓት አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለውን ውል የአስተዳደር ውል ይለዋል። በቁጥር 3177 መሠረት መሥሪያ ቤቱ ግዴታውን ባይወጣ እንኳ እናንተ ሥራ ማቆም የምትችሉት የእሱ ጉድለት የእናንተን ሥራ ጨርሶ የማይቻል ሲያደርገው ብቻ ነው። ትርፍ መቀነሱ፣ መክሰርም ቢሆን፣ ብቻውን አይበቃም። ብታቆሙ ውል ያፈረሳችሁ እናንተ ትሆናላችሁ፤ ውሉን ለመፈጸማችሁ ያስያዛችሁት የውል ማስከበሪያ ዋስትናም አደጋ ላይ ይወድቃል። ማለዳ መገናኛ የተሰለፈ ሠራተኛ በእናንተና በከተማው ቢሮ ክርክር መንገድ ላይ መቅረት የለበትምና ሕጉ ልክ ነው እላለሁ። ኪሳራውን ብቻችሁን እንድትሸከሙ ግን አያስገድድም።

ከቁጥር 3183 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ያልታሰበ ሁኔታ የውሉን ሚዛን ካናጋው መሥሪያ ቤቱ እንዲያግዛችሁ ለመጠየቅ ይፈቅዳሉ። ብዙ ባለሀብቶች «ሕጉ አለልን» የሚሉት ይህን ይዘው ነው። እኔ ግን ብዙ አልመካበትም። የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ አይተናል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ብር ምን ያህል እንደወረደ፣ ጎማና መለዋወጫ የምትገዙት እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ዛሬ ፈርሞ ነገ «ነዳጅና ዶላር ይጨምራሉ ብዬ አላሰብኩም» የሚልን ሰው ዳኛ በቀላሉ አያምነውም።

ስለዚህ መድኃኒቱ ያለው ውሉ ውስጥ ነው። «እንደአስፈላጊነቱ ይከለሳል» የሚለው ሐረግ ማንንም አያስገድድም። አስፈላጊ ነው የሚለው ማነው? በስንት ቀን? እምቢ ቢባልስ? በምትኩ ስሌት ይግባ። የናፍጣ ዋጋ ወይም የምንዛሪ ተመኑ በተስማማችሁበት መቶኛ ሲጨምር፣ ክፍያችሁም ቁርጥ ባለ ቀን ውስጥ በዚያው ስሌት ይስተካከል። ከተማው ለነዋሪው አዝኖ ታሪፉን ባለበት ማቆየት መብቱ ነው፤ ያን ሲያደርግ ልዩነቱን ለእናንተ የሚከፍል መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።

ከዚህ የተሻለም አለ። ገቢያችሁ ከተሳፋሪው ኪስ ከሚሆን፣ በተነዳው ኪሎ ሜትር ልክ ከተማው ቢከፍላችሁስ? በደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ ሬያ ቫያ የተባለው የአውቶቡስ አገልግሎት በ2009 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የተመረጠው ይህ መንገድ ነው። የመጀመሪያውን መስመር እንዲያስኬድ የተቋቋመው ኩባንያም እንደ እናንተ የሚኒባስ ታክሲ ባለንብረቶች የነበሩ ሰዎች የያዙት ነበር። በዚህ ዓይነት ውል አውቶቡሱ ግማሹ ባዶ ቢሄድ የከተማው ስጋት ነው፤ የእናንተ ስጋት መኪናው በሰዓቱ መውጣቱና አለመበላሸቱ ነው። ሾፌርም ሰው ለመሙላት ፌርማታ ላይ አይገተርም። በእኔ እምነት ለጀማሪ ማኅበር የሚሻለው ይህ ነው። ግን የከተማው ክፍያ ቢዘገይ ብድሩን በምን ትከፍላላችሁ? ለዘገየ ክፍያ ወለድና ለጥቂት ወራት የሚበቃ የባንክ ዋስትና ጠይቁ።

ሌላው የሚያሳስበኝ ብድሩ ነው። ቁጥር 3180 ውሉ ለሕዝብ አገልግሎቱ የማይጠቅም ወይም የማይስማማ ሆኖ ሲገኝ፣ እናንተ ምንም ባታጠፉ እንኳ መሥሪያ ቤቱ እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል። ካሳ መጠየቅ ይቻላል፤ ካሳ ክርክር ላይ እያለ ግን ባንኩ አይጠብቃችሁም። ስለዚህ ውሉ ቢቋረጥ ከተማው ቢያንስ የቀረውን የብድር ዕዳ የሚሸፍን ክፍያ መቼ እንደሚፈጽም አሁኑኑ ይጻፍ።

የፈራሚውን ሥልጣንም አጣሩ። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ሲወጣ በዋናነት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን የሚመለከት ነበር። የከተማው ቢሮ በየትኛው ሕግና በማን ፈቃድ እንደሚፈርም በደብዳቤ ጠይቁ። በስብሰባ ላይ «ታሪፉ ይታያል፣ አትስጉ» ተብላችሁ ከሆነ አትደገፉበት፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1724 መሠረት መንግሥትን የሚያስገድድ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። ክርክር ከፍርድ ቤት ውጭ በግልግል ዳኝነት ይታያል የሚል አንቀጽም ካለ ጠንቀቅ በሉ። የግልግል ዳኝነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1237/2013 የአስተዳደር ውልን ሕግ ካልፈቀደ በቀር ለግልግል አያቀርብም።

ይህን ሁሉ ከቢሮው ጋር ከመደራደራችሁ በፊት ረቂቁን ለአበዳሪው ባንክ አሳዩ። ብድሩ የሚመለስበትን መንገድ ስለሚፈትሽ፣ የክፍያና የማቋረጫ አንቀጾቹን ከእናንተ እኩል አጥብቆ ያያል። ባንኩ በእነዚህ አንቀጾች አላበድርም ካለ፣ ይህንኑ በጽሑፍ ተቀብላችሁ ወደ ድርድሩ ይዛችሁ ግቡ።