«ከምን ወደ ምን?» ተብለሽ ብትጠየቂ

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ካያያዝሻቸው ሁለት ገጾች ጋር አንብቤዋለሁ። የሶሺዮሎጂ ተመራቂ ተማሪ ነሽ፤ ስለ አንድ የሴቶች ቁጠባና ብድር ማኅበር የምታቀርቢውን የመመረቂያ ጽሑፍ አብዛኛውን በቻትጂፒቲ (ለጥያቄ ጽሑፍ አዘጋጅቶ በሚመልስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም) አስጽፈሽ አማካሪሽ እንግሊዝኛውን አመስግነውልሻል፤ ነገር ግን ለሪፖርት ጸሐፊነት በተወዳደርሽበት ድርጅት ስልክ ተሰብስቦ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ሲሰጥሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ ገጽ ማለፍ አልቻልሽም። አሁን የምትጠይቂኝ መሣሪያውን ጨርሰሽ መተው ይኖርብሽ እንደሆነ፣ ደግሞም ሁሉን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጽፈው ከሆነ የአንቺ መጻፍ መቻል ምን እንደሚፈይድ ነው።

ማሽኑ የጻፈው ገጽ «በማኅበሩ አማካይነት የአባላቱ ኑሮ በከፍተኛ ደረጃ ተሻሽሏል» ይላል። የሰዋስው እንከን የለበትም። ሆኖም ፈታኝ «ከምን ወደ ምን?» ብሎ ቢጠይቅሽ መልሱ በገጹ ውስጥ የለም። ራስሽ እንደነገርሽኝ ካነጋገርሻቸው 12 ሴቶች መካከል 4ቱ ማኅበሩን ጥለው ወጥተዋል፤ ስለ እነርሱ አንዲት ቃል እንኳ አልሰፈረችም። ማሽኑ በቦታው አልነበረምና ሊያውቃቸው አይችልም፤ አንቺ ግን ታውቂያቸዋለሽ። አንቀጹን በራስሽ እጅ ብትጽፊው ኖሮ «ተሻሽሏል» የምትለው ቃል ላይ ስትደርሺ እነዚያ ሴቶች ትዝ ብለውሽ እስክሪብቶሽ ይቆም ነበር፤ ማሰብ የሚጀመረውም እዚያ ላይ ነው።

ከፈተናው በኋላ ከትዝታሽ የገለበጥሽው ግማሽ ገጽ ደግሞ እንግሊዝኛው ይንገዳገዳል። ነገር ግን ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ለፈተናው በተሰጠሽ ሠንጠረዥ ግርጌ የሰፈረው ድምር 340 ቢልም ዝርዝሩ ሲደመር 310 ብቻ እንደሚመጣ አመልክተሻል። እኔ ቀጣሪ ብሆን የምመርጥሽ በዚህ ገጽ ነው። ሰዋስውን ማሽንም ያርመዋል፤ ድምሩ ለምን እንዳልገጠመ ጠይቆ የመስክ ሠራተኛውን የሚያነጋግር ሰው ግን እንደልብ አይገኝም።

እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውንና ፈጽሞ ያልተሰጡ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ጠቅሰው ለፌዴራል ፍርድ ቤት ጽሑፍ በማቅረባቸው ከነድርጅታቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ዳኛው በመሣሪያው መጠቀምን በራሱ ጥፋት አላሉትም፤ ጥፋቱ ሳያጣሩ ማቅረባቸውና ከተጠየቁም በኋላ በአቋማቸው መጽናታቸው ነበር። ማሽኑ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ይጽፋል እንጂ የጻፈው ነገር መኖር አለመኖሩን የግድ አያረጋግጥም። ስለዚህ በጽሑፍሽ የተጠቀሱትን ጥናቶች ዛሬውኑ አንድ በአንድ ፈልጊያቸው፤ ያላገኘሽውን ሰርዢ።

ምናልባት ጓደኞችሽ በማሽን የተጻፈን በሚለይ ፕሮግራም አስፈትሺው ይሉሽ ይሆናል። አልመክርሽም። የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ በ2023 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አንሥቶታል፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩትም እንዲህ ያሉ መለያዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ራሳቸው ከጻፏቸው የፈተና ድርሰቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን በማሽን የተጻፉ ብለዋቸዋል። እኛ ሁላችንም ከዚህ ወገን ነንና ከመለያው ይልቅ የሚጠብቅሽ ቀን የተጻፈባቸውን ረቂቆችሽን ማስቀመጥ ነው።

መሣሪያውን መተው አይጠበቅብሽም፤ ተራውን ግን ቀይሪው። መጀመሪያ ሐሳብሽን በወረቀት ላይ፣ በአማርኛም ቢሆን፣ አንቺ ጻፊ። እንግሊዝኛው ከተዘጋጀ በኋላ ማሽኑን «አሻሽልልኝ» ከማለት ይልቅ «ይህን ድምዳሜ የሚቃወም ሰው ምን ይላል?» ብለሽ ጠይቂው፤ ያቀረበውን እርማትም ምክንያቱን መናገር ካልቻልሽ አትቀበዪው። በመጨረሻ፣ የሚከብድሽን ላንሣ፦ ጽሑፍሽን ከፈታኞች ፊት ቀርበሽ የምትከላከዪበት ዲፌንስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታልና ጽሑፉ እንዴት እንደተጻፈ ለአማካሪሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው፤ የትምህርት ክፍሉ ደንብ ምን እንደሚፈቅድም ጠይቂ። ሊቆጡ ይችላሉ፤ ግን ከፈታኞች ፊት ከሚሆን ይልቅ ቢሯቸው ውስጥ ቢሆን ይሻላል።

የግኝት ምዕራፉን እንደ አዲስ ስትጽፊ ጥለው ከወጡት 4 ሴቶች ጀምሪ። የመጀመሪያውን ገጽ ላኪልኝ፤ ስለ ሲቪሽ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።